ላንቺ ብቻ የተላከው ኢሜል

መጻፍ ደስ ይለኛል። ይህን ሳላፍር መናገር ከጀመርሁ ገና ዓመት አልሞላኝም። ቤታችን የምንነጋገረው በኦሮምኛ ነው፤ የምንቆጣውም የምንስቀውም በእሱ ነው። አማርኛ ለእኔ የወረቀት ቋንቋ ነበር፤ አባዬ ከሚሴ ፍርድ ቤት አጥር ሥር ጠረጴዛ ዘርግተው ለባለጉዳይ ማመልከቻ የሚጽፉ ሰው ናቸውና። ከትምህርት ቤት ስመለስ አጠገባቸው ካለች ድንጋይ ላይ ተቀምጬ «ጉዳዩ፦» የምትለዋን ቃል ሲጽፉ አያለሁ። ፊደል የለመድሁት ከእሷ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። አሁን አንድ ዓረፍተ ነገር ሲያምርልኝ፣ ወላሂ፣ የዒድ ልብስ የለበስሁ ያህል ይሰማኛል። ተመልሼ አነበዋለሁ። ይቺን የመጨረሻዋን ራሷን ሦስቴ አንብቤያታለሁ።

የምጽፈው ነገር ግን ደስ የሚል አይደለም። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አጠገቤ የተቀመጠችውን ጓደኛዬን እንዴት እንዳጣኋት ነው። ያጣኋት በአንድ ኢሜል ነው። የላክሁት እኔ ነኝ፤ ስልከውም ደስ ብሎኝ ነበር።

መጀመሪያ ስለ አባዬ ደብዳቤ ልንገራችሁ፤ ያለዚያ ለምን እንዲያ እንዳደረግሁ አይገባችሁም። አባዬ ድሮ፣ ስልክ በየሰው ኪስ ሳይገባ በፊት፣ የቤተሰብ ደብዳቤም ይጽፉ ነበር። ከጨፋ ሮቢት የመጣ ገበሬ ዓረብ አገር ላለች ልጁ ደብዳቤ ሲያስጽፍ ወረቀቱ የሚሞላው በሰላምታ ነው ይላሉ። አያትሽ ሰላም ትልሻለች፣ አጎትሽ ሰላም ይልሻል፣ የአጎትሽ ሚስት ሰላም ትልሻለች፤ ጎረቤት ያለው ሁሉ በየስሙ ይጠራል። ዋናው ነገር፣ የማሽላው ነገር፣ የላሟ መውለድ፣ ታች ጥግ ላይ ሁለት መስመር ናት። አንዴ አንድ ሽማግሌ ደብዳቤው አልቆ፣ ታሽጎ፣ ከተነሡ በኋላ ተመለሱ።

«የልጄን አማት ረሳናት» አሉ።

«ቦታ የለም እኮ፣ አባ።»

«እንግዲያው ሌላ ወረቀት ጀምር። ሲነበብ የእሷ ስም ከቀረ እኔ እዚያ ቤት ደጃፍ አልደርስም።»

አባዬ ሙሉውን እንደገና ጻፉት። ይህን ሲያወሩ አይስቁም። ለእሳቸው ሰውየው ልክ ናቸው። ስም ጠርቶ ጠርቶ አንዱን መዝለል እኛ ዘንድ ከስድብ ይብሳል። የሰደብኸውን ሰው ይቅርታ ትጠይቀዋለህ፤ የዘለልኸውን ግን ምን ብለህ ትጀምራለህ።

እኔ በዚህ ነው ያደግሁት።

ባለፈው ዓመት የአማርኛ መምህራችን የሴቶች የጽሑፍ ክበብ አቋቋሙ። ስምንት ሆንን። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ እንሰበሰባለን። መምህራችን ከሌላ ክፍለ ሀገር ተዛውረው የመጡ ሴት ናቸው፤ ኦሮምኛ አይሰሙም፣ ስለዚህ እሳቸውን ስናማ የምናማው ፊት ለፊታቸው ነበር። የመጀመሪያ ጽሑፌን አንብበው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ማን ጻፈልሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«አባትሽ ናቸው።»

«አባዬ ቢጽፉት 'ጉዳዩ' ብለው ነበር የሚጀምሩት» አልኋቸው። ክፍሉ ሳቀ፣ እሳቸውም ሳቁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔ ጸሐፊ ነኝ። የክበቡንም ወረቀት ሰብሳቢ እኔን አደረጉኝ።

ጓደኛዬ ከስምንቱ አንዷ ናት። እናቷ ጓደኛዬ ሰባት ዓመቷ ሳለ ለቤት ሥራ ወደ ጅዳ ሄደው ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው የተመለሱት። ያሳደገቻት አክስቷ ናት፤ ሀርሜ የምትለውም እሷን ነው፣ እናቴ ማለቷ ነው። እናትየው ሲመለሱ ገበያው አጠገብ የልብስ ሱቅ ከፈቱ፣ ቤት ተከራዩ፣ ልጃቸውን ከአክስቷ ወሰዱ። እኛ አገር አባቶቻችንን አንቱ እንላለን፤ እናት ግን አንቺ ናት። ጓደኛዬ እናቷን ፊት ለፊት አንቱ ትላቸው ነበር። እኔ አንቱ ማለቴ ወግ ነው፤ እንደ ሌሎቹ እናቶች እያየኋቸው አላደግሁም። እሷ ስትላቸው ስሰማ ግን ሁልጊዜ ጆሮዬ ውስጥ የሆነ ነገር ይደናቀፍ ነበር።

እናቷ ዓረብ አገር የሄደች ልጅ ከሚሴ ውስጥ ብርቅ አይደለችም። ከስምንታችን የአራታችን እናት ሄዳ ተመልሳለች። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ ራሴን ያታለልሁት በዚህ ነው።

አንድ ቀን ጓደኛዬ ጽሑፏን በኢሜል ላከችልኝ። በጉዳዩ ቦታ ላይ «ላንቺ ብቻ» ብላ ነበር።

ስለ እናቷ ነው። ከመጡ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ትልቁ ሻንጣቸው ግን ሳይፈታ በሩ ኋላ እንደቆመ ነው፣ ሊሄድ የተነሣ ሰው ይመስላል ትላለች። ወደ እሷ ክፍል ሲገቡ እንደ ሠራተኛ በር ያንኳኳሉ። ምሳ ሲያቀርቡላት ጎንበስ ብለው «ይበቃል ወይስ ልጨምር?» ይላሉ፤ ዘጠኝ ዓመት የሰው ልጅ ሲያበሉ ኖረው ከአንደበታቸው አልወጣም። ልብሳቸው ዑድ ዑድ ይሸታል፣ ያ ሽቶ ደግሞ እሷ የምታስታውሰውን የእናቷን ጠረን አጥፍቶባታል። እዚያ ከቀሩ ጓደኞቻቸው ጋር በስልክ በዓረብኛ ሲያወሩ ይስቃሉ፣ ከእሷ ጋር ግን እንዲያ ስቀው አያውቁም። መጨረሻው እንዲህ ይላል፦ «ሱጁድ ላይ ሆኜ ተመልሳ እንድትሄድ ዱዓ አደረግሁ። ስግደቴን ጨርሼ ፊቴን ወደ ቀኝ ሳዞር ከጎኔ ነበረች።»

አንብቤ ስጨርስ ስልኩን ፍራሹ ላይ ገልብጬ አስቀመጥሁት። ከእኔ ጽሑፍ ይበልጣል። ይህችን አጭር ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ፈጅቶብኛል።

በማግሥቱ በእረፍት ሰዓት ግንቡ ሥር ተቀመጥን።

«ስሜን አጥፊውና ለመምህራችን አሳዪልኝ» አለችኝ። «ለእሳቸው ብቻ። ልክ ያልሆነ ነገር ካለ ይንገሩኝ።»

«ለወላጆች በዓል ቢነበብስ? ግድ የለሽም፣ ያለ ስም ነው የሚነበበው።»

«ማሎ፣ እባክሽ፣ እንዲያ አትበይ። እናቴ ካየችው እዚያ ቤት መኖር አልችልም። ተነሥታ ትሄዳለች። ዱዓዬን እኔው ራሴ አደረስሁት ማለት ነው።»

«እሺ፣ ለእሳቸው ብቻ።»

«ወላሂ በይ።»

«ወላሂ።»

ለመምህራችን በወረቀት ገልብጬ ያለ ስም አሳየኋቸው። አንብበው ወደ መስኮት ዞረው ቆዩና «ይህቺን ልጅ በርቺ በያት» አሉ። ነገሩ እዚያ ላይ ቢያልቅ ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር።

ዓመቱ ሊያልቅ ሲል መምህራችን የወላጆች በዓል ላይ ጽሑፋችንን እንድናነብ ወሰኑ። ለእናቶቻችን ግብዣ ይላክ ተባለ። ወረቀት ቦርሳ ውስጥ ይቀራል፣ ቴሌግራም ደግሞ የወሬ ነው አሉ መምህራችን፤ በኢሜል ይሁን፣ እንደ ደብዳቤ ያለ ነገር ነው፣ ሰው ያከብረዋል። ማን ይላከው? እኔ። የስምንቱንም እናት አድራሻ ለመሰብሰብ ከሱቅ ሱቅ፣ ከቤት ቤት ዞርሁ።

«ኢሜል የለኝም» ትላለች አንዷ እናት።

«ስልክ ካለሽ አለሽ።»

«ማን ሰጠኝ?»

የሰጣቸው ስልክ ሻጩ ነው። እኛ ከተማ ስልክ የገዛ ሰው ሁሉ ኢሜል አለው፣ መኖሩን ግን አያውቅም። ስልክ ሻጩ ሲከፍትላቸው የሰውየውን ሙሉ ስም ከነአባቱ ይጽፍና ኋላው ላይ የልደት ዓመት ይቀጥልበታል። ዓመቱን የሚገምተው በመልክ ነው። የይለፍ ቃሉን በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ከስልኩ ሽፋን ውስጥ ይከትታል። አንዷ እናት ወረቀቱን አውጥታ አድራሻዋን ሳነብላት የዓመቱን ቁጥር ስትሰማ «ይህ ሰው ነው እንዲህ ያስረጀኝ?» ብላ ያን ዕለት ሱቁ ድረስ ሄዳ ተጣልታዋለች።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ አባዬ ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጬ ግብዣውን ጻፍሁ። ጥሩ ነበር፤ ግን ደረቅ ሆነብኝ። ቅምሻ ያስፈልገዋል ብዬ አሰብሁ። የራሴን አንድ ጽሑፍ ከታች ለጠፍሁ። ከዚያ የእሷን።

እዚህ ላይ ልዋሽ እችላለሁ፤ ለጓደኛዬ ብዬ ነው፣ ሰው እንዲያደንቃት ብዬ ነው ማለት እችላለሁ። በከፊል እውነት ነው። ዋናው ግን ይህ ነው፦ ያን ያህል የሚያስለቅስ ጽሑፍ በእኔ እጅ አልፎ፣ በእኔ ግብዣ ሥር፣ በእኔ አድራሻ ሲሄድ እንዲታይ ፈለግሁ። ስሟን አጥፍቼዋለሁ፣ ከአራቱ የማን እናት እንደሆነች በምን ይታወቃል አልሁ ለራሴ።

ጽሑፉን ስቀዳ ቃል እንዳይጎድል ብዬ የላከችልኝን ኢሜል ራሱን ፎርዋርድ አደረግሁት፤ ጉዳዩን «ግብዣ» ብዬ ለወጥሁ፣ ግብዣዬን ከላዩ ጻፍሁበት። ታች ያለውን ስሟን አጠፋሁ። በግብዣዬና በጽሑፉ መካከል ሦስት ነጥቦች ነበሩ። «ይቀጥላል» የሚል ምልክት መሰሉኝ። አልነካኋቸውም።

አድራሻ ማስገባት ጀመርሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እናት። የጓደኛዬ እናት ላይ ስደርስ ጣቴ ቆመ። ልዝለላቸው? ሰባት እናት ተደርድሮ ስማቸው ሳይኖር ሲቀር ታየኝ። ሰባቱም ያያሉ። በዓሉ ላይ ይጠያየቃሉ። ሱቃቸው ሄደው «አንቺን አልጠሩሽም እንዴ?» ይሏቸዋል።

«አባዬ፣ ሰው ተጋብዞ የአንድ ሰው ስም ብቻ ቢቀር ምን ይባላል?»

አባዬ ብዕራቸውን አላነሡም። «ያ ሰው ምን አጠፋ ይባላል።»

አስገባኋቸው። የእኛን የስምንቱን ልጆችም አድራሻ ጨመርሁ፤ እኛም እንቀየማለን እኮ። አሥራ ስድስቱም ስም ባንድ ሰልፍ ቆመ፣ ማንም አልቀረም። ላክሁት። አባዬ ወረቀታቸው ላይ ማኅተም ሲመታ እንደሚሰማቸው ዓይነት ነገር ተሰማኝ።

ከስምንቱ እናቶች ሰባቱ ያን ኢሜል እስከ ዛሬ አልከፈቱትም። ኢሜል የሚከፍቱ አንድ እናት ብቻ ነበሩ። ጅዳ ሳሉ የኮንትራትም የትኬትም ወረቀት በኢሜል ይመጣላቸው ስለነበር ልማድ ሆኖባቸው በየቀኑ ያዩታል። እኔ ይህን አላውቅም ነበር።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ደወሉልኝ። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ሱቅ ብቅ በይ እስቲ።» ድምፃቸው ደህና ነበር፣ ስለ ግብዣው ሊያመሰግኑኝ መሰለኝ። እንዲያውም እየሄድሁ ምን ብዬ እንደምመልስ አዘጋጅቼ ነበር።

ሱቁ ውስጥ ሰው አልነበረም። የታጠፈ ልብስ ይዘው እየፈቱ እንደገና ያጥፋሉ። ሰላምታችንን ጨረስን፤ አካም ጅርታ፣ ነጋ፣ አባትሽ ደህና፣ አልሐምዱሊላህ። ስልካቸውን ሰጡኝ።

«ይህን የላክሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ።»

«ይቺን ሦስት ነጥብ ነክተሻታል?»

«አልነካሁም።»

«ንኪያት።»

ነካሁ። የታጠፈው ተዘረጋ። ከማን፦ የጓደኛዬ ሙሉ ስም ከነአባቷ፣ ስልክ ሻጩ ከገመተው ዓመቷ ጋር። መቼ፦ ቀኑ ከነሰዓቱ። ለማን፦ ለእኔ። ጉዳዩ፦ ላንቺ ብቻ።

መሬቱ ሱቁን ይዞ የዞረ መሰለኝ። ከላይ ጀምሬ ደግሜ አነበብሁት።

«እዚያ ደላላው ከሌላ የመጣለትን ወረቀት ያስተላልፍልን ነበር» አሉ፣ እንደ አስተማሪ ቀስ ብለው። «መጀመሪያ ላዩን ማየት ነው። ከማን ተነሣ፣ በማን በኩል መጣ፣ መቼ። ታች ያለውን ማንም እንዳሻው ያስተካክለዋል። ላዩን ግን ስልኩ ራሱ ነው የሚጽፈው። አንድ ሰው የላከውን ስታስተላልፊ ሰውየውን አብረሽ ነው የምትልኪው።»

«አላወቅሁም ነበር።»

«አውቄያለሁ አለማወቅሽን።» ልብሱን አስቀመጡት። «ሁላችንን ደግሞ ባንድ መስመር ደርድረሽናል። ይቺ ቀስት ትታይሻለች? እሷን ስትነኪ ሌላ መስመር ይወጣል። ቢሲሲ ይሉታል። እዚያ ያስገባሽው ሰው ይደርሰዋል፣ ስሙ ግን ለማንም አይታይም። ማን ተጠራ፣ ማን ቀረ፣ የሚያውቅ የለም። ደላላው አርባ ሴት ሲያታልል በዚህ ነበር የሚጽፍልን። እያንዳንዳችን ለእኔ ብቻ የጻፈልኝ ይመስለን ነበር።»

አባዬ በሚጽፉት ማመልከቻ ግርጌ ሁልጊዜ «ግልባጭ፦» የሚል አለ፤ ግልባጭ ለማን ለማን እንደደረሰ በግልጽ ይሰፍራል። ተደብቆ የሚሰጥ ግልባጭ መኖሩን እዚያ ሱቅ ውስጥ ቆሜ ሰማሁ። አንድ ቀን ቀድሜ ሰምቼው ቢሆን፣ እሳቸውን መዝለል እችል ነበር። ማንም አያውቅም፣ ማንም አይቀየምም። ይህን እያሰብሁ ሳለ እሳቸውም ያሰቡት እሱኑ ኖሯል።

«እኔን ዘልለሽ ብትተዪኝ ኖሮ ይሻል ነበር» አሉ።

ከዚያ ስልኩን ተቀብለው ዐይናቸውን አጥብበው አዩት።

«ይህ ቀን የዒድ ማግሥት አይደለም?»

ነበር።

«በዒድ ባቲ ዘመድ ልንጠይቅ ሄደን አልነበር? ስንመለስ መኪና ውስጥ ትከሻዬ ላይ ተኝታ ነው የመጣችው። እኔ እንዳትነቃ ብዬ ክንዴ እስኪደነዝዝ አልተንቀሳቀስሁም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለመደችኝ ብዬ ነበር።» ድምፃቸው ሳይሰበር ተናገሩት። «በማግሥቱ ነው የጻፈችው።»

ይቅርታ አልሁ። ደግሜ አልሁ።

«ያስቀየመኝ አንቺ አይደለሽም» አሉ። «አንድ ነገር ግን እለምንሻለሁ። እንዳየሁት እንዳትነግሪያት። እኔ ኢሜል አልከፈትሁም። ካወቀች እኔን ፈርታ ትኖራለች። ወላሂ በይኝ።»

ወላሂ አልሁ። አንድ ወላሂ አፍርሼ ሌላ ወላሂ ይዤ ከሱቁ ወጣሁ።

ሰኞ ጓደኛዬ ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቀችኝ። ኢሜሉ ለእሷም ደርሷታል፤ እኔው ነኝ ማንም አይቅር ብዬ የላክሁላት። ስልኳን አልያዘችም፣ ግን ሁሉን በቃሏ ይዛዋለች። ሰላምታ አልነበረም።

«ስሜ አለ።»

«አላወቅሁም፣ ሦስት ነጥብ ነው የነበረው፣ እኔ...»

«ነጥቡን ተይው። እናቴ አይታዋለች?»

ይህን ጥያቄ ሌላ ሰው ቢጠይቀኝ ሂንቤኩ፣ አላውቅም ብዬ አልፈው ነበር። እሷ ግን ዐይኔን እያየች ስለጠየቀችኝ ግማሽ መልስ አይበቃትም።

«ኧረ አላዩትም» አልኋት፣ ሳቄን ጨምሬበት። «እዚህ አገር ኢሜል የሚከፍት ማን አለ? አንዷም አልከፈተችውም።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አይተውት ቢሆን ኖሮ ምልክት አይታይባቸውም?»

ትንፋሿን ለቀቀች። ለሁለት ቀን አኮረፈችኝ፣ በሦስተኛው ቀን የሒሳብ ደብተሬን ሳትጠይቀኝ ወስዳ መገልበጥ ጀመረች። ይቅር አለችኝ ማለት ነው። ደስ አለኝ፤ በውሸት የተገኘ ደስታ መሆኑን ግን አልረሳሁትም።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ አንድ ነገር ትነግረኝ ጀመር፣ መጀመሪያ ላይ እንደ ተራ ወሬ።

«እናቴ ሽቶ ተወች። አለቀባት መሰለኝ።»

ሌላ ቀን፦ «ዛሬ ሳታንኳኳ ገባች። ከዚያ የደነገጠችው እሷ ናት።»

ሌላ ቀን፦ «ስልክ ሲደወልላት ውጭ ወጥታ ነው የምታወራ። ዓረብኛዋን ከሰማሁ ሰነበትሁ።»

እኔ «እ?» እላለሁ። የጽሑፏን መስመር አንድ በአንድ እየተከተሉ እያስተካከሉላት እንደሆነ የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ። እናትየው የተጻፈባቸውን ጥፋት እንደ ፈተና ወረቀት ይዘው እያረሙ ነበር። ማረም የማይችሉት የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው።

አንድ ከሰዓት ከትምህርት ቤት ወጥተን በአስፋልቱ ዳር እንሄዳለን። የደሴ መኪና፣ የአዲስ አበባ መኪና ያልፋል፤ በኦሮምኛ ጀምራ ባማርኛ እየጨረሰች ስለ ፈተና ታወራለች። በመካከል እንዲህ አለች፦

«ትናንት ሻንጣውን ፈታችው። ያን ትልቁን። ልብሱን ሁሉ ቁም ሣጥን ውስጥ ሰቅላ ሻንጣውን ለጎረቤት ሰጠችው።»

ጥቂት እርምጃ ሄድን። እሷ ቆመች። እኔም ቆምሁ።

«ሽቶው» አለች። «በሩ። ስልኩ። ምሳ ላይ ደግሞ መጠየቅ ትታ ዝም ብላ ታወጣልኛለች።» በጣቷ አልቆጠረችም፣ ግን እየቆጠረች ነበር። «አይታዋለች።»

እግሬ ሥር ያለውን ጠጠር ገፋሁ።

«አንቺ ታውቂያለሽ። ፊትሽ ያውቃል። መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ቅዳሜ።»

«የትኛው ቅዳሜ?»

«የላክሁ ዕለት ማግሥት።»

«ሰኞ ጠይቄሽ ነበር።»

«እሳቸው እንዳትነግሪያት ብለው አስምለውኝ ነው። ወላሂ ብዬ ነበር።»

አልጮኸችም። ብትጮኽ ይቀለኝ ነበር። አንድ ከባድ መኪና አለፈ፣ አቧራው እስኪወርድ ጠበቀች።

«ለእኔም ወላሂ ብለሽ ነበር» አለችኝ። «የእናቴን ጠበቅሽ፣ የእኔን አልጠበቅሽም። አሁን እቤት ሁለታችንም እንግዳ ሆነናል። ለኔ ብላ ትስቃለች፣ እኔም ለእሷ ብዬ እስቃለሁ። የተሳቀው ሁሉ የጽሑፌ መልስ ነው።»

ልከተላት ብዬ አንድ እርምጃ ተራመድሁ። በእጇ ተይው አለችኝ፤ ዝንብ እንደሚያባርር ሰው። መንገዱን ተሻግራ ወደ አክስቷ ሰፈር ሄደች።

በማግሥቱ ከዴስኬ ተነሥታ መስኮቱ ጋ ካለችው ልጅ ጋር ተቀመጠች። አስተማሪው «ምነው?» አሏት። «ሰሌዳው አይታየኝም» አለች። ለሰሌዳው ግን የእኛ ዴስክ ይቀርባል።

የወላጆች በዓል ደረሰ። ከክበቡ ሰባታችን አነበብን። እናቶች ኢሜሉን ባይከፍቱም በልጆቻቸው አፍ ተጠርተው መጥተዋል። ተራዬ ሲደርስ ወጣሁ፤ ድምፄ ጥርት ብሎ ወጣ፣ በሚያስቀው ቦታ ላይ ሳቁ፣ ዝም ማለት ባለባቸው ቦታ ዝም አሉ። ይህን ልደብቅ አልችልም፤ በሕይወቴ እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ቀና ስል የጓደኛዬን እናት የመጨረሻው ወንበር ላይ አየኋቸው። ብቻቸውን ናቸው። አጨበጨቡልኝ። ከዚያ በኋላ የቀሩትን ሁለት ገጾች እንዴት እንዳነበብኋቸው አላውቅም።

ሲያበቃ አጥሩ ጋ ጠበቁኝ።

«አልመጣችም» አሉኝ። «እሷ ጨፋ ሮቢት ሄዳለች፣ ከአክስቷ ጋር፣ እስከ ሰኞ። እኔ ግን ስለተጠራሁ መጣሁ።»

«ካንቱ ጋር ደህና ናት?»

አሰቡበት። «ባለፈው ተጣላን። የሆዷን ሁሉ ተናገረች። ለምን አንብበሽ ዝም አልሽ፣ ለምን እንደ ሌባ ቀስ እያልሽ ትኖሪያለሽ አለችኝ።» ፈገግ አሉ፣ ዐይናቸው ግን ሞልቶ ነበር። «አንቺ አለችኝ፣ ኢንተላ ኮ። ሳታውቀው ነው። እኔ አውቄዋለሁ።»

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፣ ትንሽም ብሎኛል። ግን እሳቸው ያን ሲነግሩኝ ያወቅሁት ሌላ ነገር ነው፦ እናትና ልጅ ተጣልተው የሚታረቁበት ቤት አላቸው፣ ተጣልተውም ማታ ባንድ ጣሪያ ሥር ያድራሉ። እኔና ጓደኛዬ ያን ዓይነት ቤት የለንም። እኛን የያዘን አንድ ዴስክ ነበር።

ይቅርታ ለመጠየቅ ብዙ ሞክሬያለሁ። በኢሜል እንዳልጽፍላት እጄ ፈራ። በወረቀት ጽፌ በክፍል ልጅ ላክሁላት፤ ሳይከፈት ተመለሰ። አባዬን አማከርሁ። የሆነውን ሁሉ ሰምተው ብዕራቸውን አስቀመጡ፤ ይህን ሲያደርጉ አይቻቸው አላውቅም።

«አባዬ፣ እኔ እኮ ያንቱን ሥርዓት ነው የተከተልሁ። ማንም እንዳይቀር ብዬ ነው።»

«የኔ ደብዳቤ የሰላምታ ነው» አሉ። «ሰላምታ ለሁሉም ይደርሳል። የሰው ምሥጢር ግን መቼ በሰላምታ ወረቀት ላይ ይጻፋል? እኔ አርባ ዓመት ሙሉ ስንቱን ስጽፍ አንዱን ለአንዱ አንብቤ አላውቅም።» ተቆጡኝ ማለት አይደለም፤ ድምፃቸው ያዘነ ነበር። በራሳቸው ሥራ ያፈሩ መሰለኝ፣ እሱ ደግሞ ሌላ ሐዘን ሆነብኝ።

አሁን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነን። መምህራችን ከክበቡ የተመረጡ ጽሑፎች ሊታተሙ ነው፣ እውነተኛ የሆነውን አንድ ነገር ጻፉ ብለውናል። እውነተኛ ሲሉኝ ከዚህ ሌላ አልመጣልኝም። ግን ሁለተኛ ጊዜ ሳልጠይቃት የእሷን ነገር አልሰጥም። ባለፈው ሳምንት ከትምህርት ቤቱ በር ውጭ ባጃጅ ስትጠብቅ አገኘኋት። ብቻዋን ነበረች።

«አካም ጅርታ» አልኋት።

«ነጋ» አለችኝ። ሰላምታ አትነሣም፣ ጨዋ ልጅ ናት።

«ስለሆነው ነገር ልጽፍ ነው። ስምሽ አይጠራም። የእናትሽም አይጠራም። ያንቺ መስመር ግን አለበት፣ ስለ እናትሽ የጻፍሽው። እምቢ ካልሽ እተወዋለሁ።»

ቦርሳዋን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረች።

«ያኔም ስም አይጠራም ነበር ያልሽኝ።»

«አዎ።»

«ለማን ትሰጪዋለሽ?»

«ለመምህራችን። በእጄ፣ በወረቀት። ከዚያ ይታተማል። ማን እንደሚያነበው አላውቅም።»

ባጃጁ መጣ። ገባች፣ ለሌላ ሰው ቦታ ለቀቀች፣ ቀሚሷን ሰብሰብ አደረገች። ልትሄድ ስትል አንገቷን አወጣች።

«ጻፊው» አለችኝ። «ለእኔ ግን እንዳትልኪልኝ።»